መዳፍ የምታህል ቦታ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ምራቴ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ጀመረች። በአንዱ ምድጃ ለጧፍ የሚሆን ሰም ታቀልጣለች፤ በሌላው ተልባ ትቆላለች። እኔ ደጅ ፀሐይ እየሞቅሁ ተቀምጬ ነበር። የሰሙና የተልባው ሽታ ተቀላቅሎ በበሩ ሲወጣ፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው አያ ስንሻው ከነኩታቸው፣ ከነሳላቸው መጥተው አጠገቤ የተቀመጡ መሰለኝ። ተነሥቼ ቦታ ልለቅላቸው ትንሽ ነው የቀረኝ። ምራቴ ብቅ ብላ «ምን ሆኑ እማዬ?» ብትለኝ «ሣጥኑ ደርቋል?» አልኋት። እርጅናዬን ስለምታውቅ ወደ ተልባዋ ተመለሰች።

አያ ስንሻው ደብረ ታቦር ላይ የቅርብ ጎረቤታችን ነበሩ። ንጉሡ ከተማቸውን እዚያ ያደረጉበት፣ ጋራው ሁሉ ድንኳን ለብሶ የሚያድርበት ዘመን ነው። ሥራቸው መጽሐፍ መደጎስ ነበር። የእንጨት ገበታ ይጠርባሉ፣ ቆዳ ያለብሱታል፣ ከዚያ ቆዳውን በጋለች ትንሽ ብረት ነጥብ በነጥብ እያተሙ መስቀልና ሐረግ ያወጡበታል። ቤታቸው ሁልጊዜ እርጥብ ቆዳና ትኩስ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸት ነበር። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እኔ ከደጃቸው ስለማልጠፋ እናቴ «ስንሻው የወለዷት» ትለኝ ነበር። ስድብ ይሁን ፍቅር እስካሁን አልገባኝም።

አንድ ክፉ አመል ነበራቸው፤ ነገር መቁረጥ አይሆንላቸውም። እናቴ ቆሎ አቅርባ «ከገብሱ ይሻላል ከሽንብራው?» ካለቻቸው ቆሎው እስኪበርድ ያስባሉ። በሥራቸው ላይ ግን ይህ አመል ጠቅሟቸዋል። ሳይቸኩሉ የሚሠሩ፣ አንድ ገበታ ሦስት ጊዜ የሚለኩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ከሩቅ ደብር ድረስ መጽሐፍ ይላክላቸው ነበር። ያ አመል መከራቸውን ያሳያቸው ሣጥኑ ከመጣ በኋላ ነው።

ሣጥኑ የወይዘሮ በላይነሽ ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ከእኛ ቤት በታች ይኖሩ የነበሩ፣ ባላቸው ዘመቻ ሄደው የቀሩባቸው ሴት ናቸው። ባላቸውን ጠብቀው ጠብቀው ተስፋ ሲቆርጡ፣ ዓባይ ሳይሞላ ወደ ወገኖቻቸው ወደ ጎጃም ሊሻገሩ ተነሡ። ያለቻቸው አንዲት በቅሎ ናት። ሣጥኑ ደግሞ ባለ ሁለት መዝጊያ የዋንዛ ቁም ሣጥን ሆኖ፣ ቁመቱ የዚያን ጊዜ እኔን አንገቴ ድረስ ይደርሳል። በአንደኛው መዝጊያ ላይ መስቀል ተቀርጾበታል። ከእናታቸው እናት የወረደ ነውና የስንት ዘመን የቤት ጭስ ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል። በቅሎዪቱ ሣጥኑን ስታይ ጆሮዋን ጣለች።

«አያ ስንሻው፣ እንጨት የሚያውቅ ከአንቱ በቀር የለም» አሏቸው ወይዘሮ በላይነሽ። «የእናቴ ነው፣ አደራ። እግዜር ብሎ ስመለስ እንደ ሰጠሁዎት ይመልሱልኝ።»

«እንደ ሰጡኝ እመልሳለሁ፣ እሜቴ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉ አያ ስንሻው፣ ኩታቸውን ዝቅ አድርገው።

እናቴና እኔ ቆመን ሰማን። ቀላል ቃል ነበር። ነገር ግን ያው ክረምት ገባና ሣጥኑ በጀርባው በኩል ሻጋታ አወጣ። በጋ ሆነ፣ ደግሞ ደረቀና በአንደኛው ጎኑ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። አያ ስንሻው ስንጥቋን ያዩ ዕለት ምሳ አልበሉም። ዝም ብለው ቢተዉት ሊነቅዝ ነው። ቢያጥቡትና ቢቀቡት መልኩ ሊለወጥ ነው። ታዲያ የትኛው ነው «እንደ ሰጡኝ»? በርጩማቸውን ሣጥኑ ፊት አድርገው ቁጭ ብለው ያዩታል። እኔም ከጎናቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ ምን እንደምናይ ግን አላውቅም ነበር።

ምክር ደግሞ አልጠፋም። እናቴ ቅቤ ነው መድኃኒቱ አለች፤ ለእሷ ራስም ቢሆን፣ ቆዳም ቢሆን፣ የታመመ ላምም ቢሆን ቅቤ ነው። ጋፋት ብረት ከሚያቀልጡት ጋር ወናፍ የሚነፋው የአጎቴ ልጅ፣ ብረት እንዳይዝግ የሚቀባ ጥቁር ቅባት በቀንድ ሞልቶ አመጣ። ብረትን ከጠበቀ እንጨትማ ምን ያቅተዋል ብሎ ነው እንጂ ክፉ አስቦ አይደለም። ሌላው በእንዶድ ይታጠብ አለ። ሌላው በአመድና በሎሚ ይፈተግ አለ። አያ ስንሻው ራሳቸው ልባቸው ያዘነበለው ወደ ሰም ነበር፤ ግን ይህን ለቄሰ ገበዙ ቢያማክሩ፣ የደብሩ ዕቃ ሁሉ በእጃቸው ያለ ኮስታራ ቄስ ናቸውና ተቆጧቸው።

«ሰም ጧፍ ሆኖ በእግዚአብሔር ፊት ይበራል እንጂ የሣጥን ገላ አይታሽበትም!»

አያ ስንሻው ከዚህ ሁሉ አንዱን መርጠው ሌላውን መጣል አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ያገኙት መላ የእሳቸው ብቻ ነበር። ሣጥኑን በጥንቃቄ አጋድመው፣ ማንም በማያየው በሆዱ በኩል፣ ሁሉንም በመደዳ ሞከሩት፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ። አንዷ በቅቤ፣ አንዷ በኑግ ዘይት፣ አንዷ በተልባ ዘይት፣ አንዷ በጋፋቱ ቅባት፣ አንዷ በእንዶድ ታጥባ ባዶዋን፣ አንዷ በሰም። ለሰሙ ከይፋግ ገበያ ሁለት ድብልብል አስመጥተው አንዱን ለቄሰ ገበዙ ለጧፍ ሰጡና የቄሱ ቁጣ በረደ። ከዚያ «እንጠብቅ» አሉ። እኔ እስከ ማታ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ክረምትና በጋ ማለታቸው ነው።

ጠበቅን። ቅቤዋን አይጥ ላሰቻት። ኑጓ እንደ ማር ተጣብቃ የመንደሩን አቧራ ሰበሰበች። የጋፋቱ ቅባት እንጨቱን አጥቁሮ ወር ሙሉ ሲሸት ከረመ፤ ፍየላችን በዚያ በኩል ማለፍ ተወች። እንዶዷ ጥቁሩን ሁሉ ልጣ ያወጣችው ቀይ የዋንዛ መልክ ያምራል፤ ግን ወዲያው ደርቆ እንደ በጋ ተረከዝ ሻከረ። ተልባዋ ቀስ ብላ ጠልቃ ገባች። ሰሟ ከላይ አበራች። አያ ስንሻው በጣታቸው ጫፍ እየዳበሱ፣ እያሸተቱ፣ ጆሯቸውን ሳይቀር እያስጠጉ ብዙ ካሰቡ በኋላ ሰምና ተልባ ዘይት አንድ ላይ ይቅለጡ ብለው ቆረጡ። በዕድሜያቸው ቆርጠው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ቅልቅሉን በበሬ ቀንድ ሞልተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

አቀባቡንም አስተማሩኝ፤ በገዛ ገበታቸው ላይ። «እንጨት እንደ በግ ነው፣ የሺ። ጠጉሩ ወደሚተኛበት ዳብሺው እንጂ ወደ ላይ አትቧጭሪው» ይሉኝ ነበር። እጄን ሳልታጠብ ሣጥኑን እንዳልነካ፣ ጥፍሬን እንዳላሳድግ፣ ስስቅ እንኳ ወደ ሌላ ዞሬ እንድስቅ ያዝዙኛል። አንድ ነገር ብቻ አላስረዱኝም። ከሆዱ ጥግ፣ ከሙከራዎቹ ራቅ ብላ፣ መዳፍ የምታህል ምንም ያልተቀባች ጥቁር ቦታ ነበረች። ደጉሰው በሚያትሙባት ብረት ዙሪያዋን በነጥብ አጥረዋታል። ጣቴን ስሰድ እጄን መለስ አደረጉና «እሷን አትንኪ» አሉ። «ለምን?» አልኋቸው። «አይነካማ።»

የመስቀል በዓል ሲያልፍ ሣጥኑ ሊቀባ ተቀጠረ። እኔ የሚታሸበትን ጥጥ ሳይቀር ፈልቅቄ ጨረስሁ። መስቀል አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። አያ ስንሻው ሣጥኑን ደጅ አውጥተው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው የላም አዛባ ውስጥ ነክረው፣ ያን መስቀል ያለበትን መዝጊያ ይለቀልቁታል። በአዛባው ላይ ጥላሸት በተኑበት። ከላዩ ሁለት እንጨት አጋደሙና የእናቴን ሦስት ዶሮዎች አምጥተው አሰፈሩበት።

«አያ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልሁ እያለቀስሁ።

«የዶሮ ቆጥ ነው። ማንም ቢጠይቅሽ የዶሮ ቆጥ ነው በይ።»

«ሣጥን ነው እንጂ!»

«የሺ፣ ቆጥ ነው አልሁሽ» ብለው ዐይኔን ሳያዩ ወደ ቤት ገቡ።

ዛሬ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነበር። ወታደር በየቤቱ እየዞረ ያማረውን ዕቃ ይወስዳል የሚል ወሬ ተነሥቷል፤ ለልጅ ምስጢር አይነገርም ብለው ነው። ያን ጊዜ ግን ምድር ተገለበጠችብኝ። ትናንት «እጅሽን ታጠቢ» ያሉኝ ሰው ዛሬ አዛባ ይቀባሉ። ውሸት ሲያገኙብኝ ጆሮዬን የሚቆነጥጡኝ ሰው ዋሺ ይሉኛል። እናቴን ብጠይቃት እሷም «ቆጥ ነው» አለችኝ። አንዴ አያ ስንሻው አብደዋል እላለሁ፣ አንዴ የሚፈትኑኝ ይመስለኛል፤ የተማርሽውን አልረሳሽም ወይ ሊሉኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ ፈተና ነው ብዬ ቆረጥሁ። ከእሳቸው ይልቅ እኔ ቶሎ ቆራጭ ነበርሁ።

እሑድ እሳቸውና እናቴ ቅዳሴ ሲሄዱ ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ። ዶሮዎቹን አባረርሁ። እንዶድ ወቅጬ፣ በውሃ አረፋ አስደፍቄ፣ መስቀል ያለበትን መዝጊያ ከላይ እስከ ታች አጠብሁት። አዛባው ብቻ አይደለም የሄደው፤ የስንት ዘመን ጥቁሩም አብሮ ወረደ። ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ። ግን ቀንዱን ከግድግዳ አውርጄ፣ ሰሙን በእሳት አለስልሼ፣ ጠጉሩ ወደሚተኛበት እየዳበስሁ ቀባሁት። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ በሰለ ብርቱካን ቀላ። መስቀሉ ጉልህ ብሎ ወጣ። ሌላውን መዝጊያ ልጀምር ስል የቅዳሴ ተመላሾች ድምፅ ተሰማኝ፤ ፈራሁ። ሣጥኑን እየገፋሁ የጠራውን ፊት ወደ ግድግዳ አዞርሁና ዶሮዎቹን መለስሁ።

አያ ስንሻው ገና ኩታቸውን ሳያወልቁ ሦስት ወታደሮች ከደጅ ቆሙ። የፈለጉት ያማረ ዕቃ አልነበረም። ያን ሁሉ ድንኳን የሚያሞቅ እንጨት በጋራው ላይ አልቆ ነበርና ማገዶ ነው የፈለጉት። ዐይናቸው ደግሞ በቀጥታ ያረፈው አሮጌው፣ ቆሻሻው፣ ማንም የማይጸጸትበት የዶሮ ቆጥ ላይ ነው። አያ ስንሻው ያን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሣጥን ነው ቢሉ እንደ ዕቃ ይወሰዳል፤ ዝም ቢሉ እንደ ማገዶ ይፈለጣል።

ሁለቱ ወታደሮች ሣጥኑን አንሥተው ወደ ደጁ መሐል ሲያመጡት ፊቱ ዞረ። ምሳር የያዘው ጢማም ወታደር ክንዱን እንዳነሣ ቀጥ ብሎ ቆመ። አያ ስንሻውም የጠራውን መዝጊያ ገና ያኔ ማየታቸው ነው። ወታደሩ ምሳሩን ዝቅ አደረገና ወደ እሳቸው ዞረ።

«አባቴ፣ በመስቀል ላይ ዶሮ ያሰፍራሉ?»

አያ ስንሻው ነገር ለመቁረጥ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ስለማውቅ አለቀልን አልሁ። እሳቸው ግን ወዲያው መለሱ።

«የሰው አደራ ነው፣ ልጄ። ከአንተ ልሸሽገው ብዬ ነው።»

ወታደሩ አያቸው፣ ሣጥኑን አየ፣ ዶሮዎቹን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ።

«እኔም ሁለት በሬ ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የመጣሁ» አለ። «ይኸኔ ምን ቀብቶ ሸሽጎልኝ ይሆን?» ጓደኞቹ ሳቁ። «ማገዶ ግን ሳንይዝ አንመለስም፣ አባቴ።»

የአያ ስንሻውን የቤት መዝጊያ ነቅለው ሄዱ። ያን ዓመት በመዝጊያ ፈንታ የበሬ ቆዳ ሰቅለው፣ ብርዱ እየገባ ሲያስላቸው ከረመ።

ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው አንዴ እኔን፣ አንዴ መዝጊያውን አዩ። እጃቸውን አነሡ፤ መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«የሺ፣ ልምታሽ ወይስ ልሳምሽ?» አሉ። «ግራ ገባኝ እኮ።»

«ይሳሙኝ» አልሁ። ሳቁ፣ ከዚያ ሳሉ። አልመቱኝም፤ አልሳሙኝምም። ማታ እንጀራ ስናቀርብላቸው ገና እያሰቡ ነበር።

ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ፊት ሆኖ ቀረ። ዘራፊ መጣ የሚል ወሬ ሲሰማ የጠራው ፊት ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ ማገዶ ፈላጊ መጣ ሲባል ወደ ደጅ ይዞራል። ሁለቱም መጡ ሲባል ደግሞ በጎን ይቆምና አያ ስንሻው ይጸልያሉ። ከሁለት ክረምት በኋላ ሳሉ ጸናባቸው። ሊሞቱ ሲሉ ሣጥኑን በእናቴና በእኔ እጅ አደረጉ። «እንደ ወደዳችሁ አድርጉት፤ ያቺን ቦታ ብቻ አትንኩ» አሉ። እናቴ የቷን ቦታ እንደሆነ አልገባትም። እኔ ዐወቅሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አሁንም አልገባኝም ነበር።

ዘመኑ አለፈ። ከተማው ተፈታ፣ ድንኳኑ ሁሉ ተነሣ፣ ደብረ ታቦር ጭር አለች። እናቴና እኔ አሁንማ ማን ይወስደዋል ብለን ሣጥኑን ሙሉውን አጥበን፣ ሰምና ተልባ አቅልጠን ቀባነው። ቤታችን በእሱ ያበራ መሰለን። አንድ የጥቅምት ቀን ወይዘሮ በላይነሽ፣ ጸጉራቸው ሸብቶ፣ በሌላ በቅሎ ላይ ተቀምጠው መጡ። አያ ስንሻው መሞታቸውን ሲሰሙ አለቀሱ። ከዚያ ሣጥኑን አሳየናቸው። ዞሩት። መዝጊያውን ከፍተው ዘጉት። ፊታቸው እየቀዘቀዘ ሄደ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ። «የእናቴ ሣጥን ጥቁር ነው። እሳቸውንማ እንዲህ አላስባቸውም ነበር።»

ጎረቤት ተሰብስቧል። አንዱ በሹክሹክታ «አደራ በላ» ሲል ሰማሁ። መዝጊያቸውን ለአደራ የገበሩ፣ በብርድ የሞቱ ሰው! እናቴ ትምላለች፣ ወይዘሮ በላይነሽ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ለራሴ እንኳ ሳላስበው ሣጥኑን ታቅፌ አጋደምሁት። በሆዱ ላይ እነዚያ ሙከራዎች በመደዳ አሉ፤ ቅቤዋ፣ ኑጓ፣ የጋፋቱ ቅባት፣ ሁሉም። ከጥጉ፣ በነጥብ የታጠረችው ጥቁር ቦታ አለች። ምንም አልነካትም።

ወይዘሮ በላይነሽ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን በዚያች ላይ ቢያኖሩት ልክ ሆነች። ከዚያ ፊታቸውን አስጠግተው አሸተቷት።

«የእናቴ ቤት ጭስ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንደ ሰጠኋቸው መለሱልኝ። መዳፍ ብታህልም መለሱልኝ።»

ሹክ ያለው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በማግስቱ ሣጥኑ በአራት ሸካሚ ወደ ጎጃም ሄደ። ለእኛ ቤት የቀረው ያ የበሬ ቀንድ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የደረቀ ሰም ነበረበት።

እኔም እንግዲህ ይኸው አርጅቻለሁ። አልጋም ቢሆን በርጩማም ቢሆን፣ በቤቴ ያለውን እንጨት በየዓመቱ በሰምና በተልባ የማሸው እኔ ነኝ፤ ምራቴ ስትሠራ ጠጉሩን ወደ ላይ ትቧጭረዋለች። ስጨርስ ገልብጬ፣ ከሥሩ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳልነካ እተዋለሁ። የልጅ ልጆቼ «ይቺን ረሳሻት» ይሉኛል። አልረሳኋትም። ማንም አደራ ያለኝ የለም፣ ለማን እንደምመልሰውም አላውቅም፤ እጄ ግን እዚያ ሲደርስ ይቆማል።